ምሽት ላይ የሚደክመው የወለል ማሞቂያ፦ ቴርሞስታቱን አትቀይሩ

"ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ ከዚያ በባዶ እግር ነው የሚሄዱበት" ይላል ሻጭ ሁሉ። ቀን ቀን ልክ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን፣ ጎንደር ላይ የሞቀ ወለል በእውነት በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ሴራሚኩ ለብ ከማለት አያልፍም። ወራት የተጠቀምኩበት ማሞቂያ መረብ ላይ የተያዘ ኬብል ነው፤ 4 ካሬ ሜትር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሴራሚክ ሥር ገብቷል፣ በካሬ ሜትር 150 ዋት፣ በድምሩ 600 ዋት። በሌላው በኩል የሚወራ ክፉ ነገር የለውም። ድምፅ የለው፣ እንደ ከሰል ጭሱ አያፍን። የምሽቱ ጉዳይ ግን ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ሻጭ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን የግድግዳ ማብሪያ ይዞ "ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል፣ አዲስ ላምጣልዎት"። እሺ ወንድሜ፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ ደህና ሠርቶ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚበላሽ፣ በማግስቱ ደግሞ የሚድን ቴርሞስታት የት አገር ነው ያለው?

ካርቶኑ ላይ ያለው 150 ዋት የተለካው በ230 ቮልት ነው። የኛ አገር መስመር በስሙም 220 ነው፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ ደግሞ ይደክማል። የዚህ ኬብል ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፣ በስኩዌሩ ነው የሚወርደው። እኔ ቤት ቀን 215 ቮልት ሲሆን 600ው ዋት ወደ 525 ይወርዳል፤ ይህን እግር አይለየውም። ማታ ወደ 178 ሲወርድ ግን የሚቀረው 360 ዋት ነው፣ በካሬ ሜትር 90። ቮልቴጁ ከካርቶኑ በሩብ ያህል ሲያንስ ሙቀቱ በ40 በመቶ አነሰ ማለት ነው። ዕቃው አልተበላሸም፣ ምግቡን ነው ያላገኘው።

ይህን ከሌላ ብልሽት ለመለየት መጀመሪያ የቴርሞስታቱን መብራት ማየት ነው። "እያሞቅሁ ነው" የሚለው ምልክት ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ ወለሉ የተሞላበት ዲግሪ ላይ ካልደረሰ፣ ወይ ኃይል አንሷል ወይ ሙቀቱ ወደ ታች እየፈሰሰ ነው። ምልክቱ ቶሎ ቶሎ እየጠፋ እግር ግን ከቀዘቀዘ፣ ችግሩ የወለሉን ሙቀት ለቴርሞስታቱ የሚያነብለት ሴንሰሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ላይ ተደግፎ ስለተቀመጠ የኬብሉን ሙቀት የወለሉ አድርጎ ያነባል። ቦታው በሁለት የኬብል መስመሮች መካከል፣ በራሱ ቱቦ ውስጥ ነው። ምልክቱ በርቶ፣ ሽቦውን አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር ሲለካ አምፔሩ ዜሮ ከሆነ ኬብሉ ተበጥሷል ወይም ቴርሞስታቱ ውስጥ ኃይሉን የሚያገናኘው ሪሌ አልዘጋም። ቴርሞስታት የሚገዛው እዚህ መጨረሻው ላይ ሲደረስ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ብሬከሩ ወርዶ፣ ኬብሉ ከቴርሞስታቱ ተነቅሎ ኦሙ፣ ማለትም ኬብሉ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ ይለካል። የ600 ዋት ጤነኛ ኬብል 88 ኦም አካባቢ ነው፤ ከ84 እስከ 97 ቢያሳይ አትደንግጡ። ሁለት ባለ 300 ዋት መረቦች ከሆኑ እያንዳንዳቸው 176 ኦም አላቸው፣ ትይዩ ሲገናኙ 88 ይመጣል። 350 አካባቢ ካነበበ ሠራተኛው አንዱን ከአንዱ ቀጥሎ በተከታታይ አስሮታል፣ የምታገኙት ኃይልም ሩቡን ብቻ ነው። ይህ ስሕተት ጆንክሽን ቦክሱን ከፍቶ ሽቦዎቹን መልሶ በማሰር ይስተካከላል፣ አንድም ሴራሚክ አይነሳም። ሴንሰሩ በብዛት ባለ 10 ኪሎኦም ነው፦ 25 ዲግሪ ላይ 10፣ 20 ዲግሪ ላይ ከ12 እስከ 13። ቁጥሩ ከዚህ በጣም ከራቀ ቴርሞስታቱ የሚያሳየውን ዲግሪ አትመኑት።

ኦሙ ደህና ከሆነ ቮልቴጁን ማሞቂያው በርቶ እያለ ለኩ፣ ጠፍቶ የተለካ አያሳይም። አንድ ጊዜ ቆጣሪው ሥር፣ አንድ ጊዜ ቴርሞስታቱ ላይ፤ ምጣዱ በርቶም ጠፍቶም። ሁለቱም ቦታ እኩል ከወረደ ድካሙ ከውጭ ነው። ቆጣሪው ሥር ደህና ሆኖ ቴርሞስታቱ ላይ ከወረደ በቤቱ ሽቦ ውስጥ ነው። ማሞቂያው ራሱ የሚስበው 3 አምፔር እንኳን አይሞላም፤ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ 20 ሜትር ቢሄድ የሚያጣው አንድ ቮልት ተኩል አይሞላም። ምጣድ ግን 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ በዚያው ሽቦ ላይ ብቻውን 8 ቮልት ገደማ ይበላል። ከዚያ በላይ ከጠፋ የላላ ቋጠሮ አለ፣ ቋጠሮውም ይግላልና ሳይውል ሳያድር ይፈለግ።

የኔ ድካም ከውጭ ሆኖ ተገኘ። መፍትሔው የወረደውን ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ የሚያወጣ ስታቢላይዘር ነው። ለ600 ዋት 1,000 ቪኤ (የስታቢላይዘሩ አቅም መለኪያ) ይበቃል ቢሏችሁም 1,500 ውሰዱ፤ ርካሾቹ ግብዓቱ ሲወርድ የተጻፈባቸውን ጭነት አይሸከሙም። ዝቅተኛ ግብዓቱ 140 ቮልት መሆኑን ጀርባው ላይ አንብቡ፣ ከመታጠቢያ ቤቱም ውጭ አስቀምጡት። 220 ሲያገኝ ኬብሉ 550 ዋት ይሰጣል።

ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ሰዓቱን ማዛወርም ይረዳል፤ መስመሩ ሳይደክም ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ 28 ዲግሪ ላይ ካደረሱት፣ ማታ የቀረው ማቆየት ነው፣ ለማቆየት ደግሞ ብዙ ዋት አያስፈልግም። ቴርሞስታቱ በፈረንጅ ሰዓት እንደሚሄድ ግን አይረሳ። ለጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ብሎ 12:30 የሞላ ሰው ወለሉ ቀትር ላይ ይሞቅለታል፣ ጠዋት በረዶ ይረግጣል። መሞላት ያለበት 06:30 ነው።

ይህ ሁሉ የሚያዋጣው ከሥሩ ሙቀት የሚከለክል ሰሌዳ ካለ ነው። ኤክስፒኤስ ከሚባለው ጠንካራ ፎም 10 ሚሊሜትር ይበቃል፣ 6ም ከምንም ይሻላል። ሰሌዳ ከሌለ ግማሽ ሰዓት የተባለው ሁለት ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ 90 ዋት ላይማ ኮንክሪቱን እያሞቁ ማደር ነው። ሴራሚኩ ወፍራም የአሸዋና ሲሚንቶ አልጋ ላይ ከተነጠፈም ያው ነው። ኬብሉ በሚለጠጥ የሴራሚክ ማጣበቂያ ውስጥ፣ ከሴራሚኩ ሥር ወዲያው ነው መቅበር ያለበት፤ ክፍት አየር ካገኘም ይቃጠላል። ለመፈተሽ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ስስ አድርጋችሁ አብሱና አብሩት። መጀመሪያ ቀጭን ደረቅ መስመሮች ይወጣሉ፣ ቀስ በቀስ እየሰፉ ይገናኛሉ። እርጥቡ የማይለቅበትን ቦታ በጣት አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ማጣበቂያው እዚያ ጋ አልሞላም።

ታዲያ ያዋጣል? ለመታጠቢያ ቤት ዛሬም እገዛዋለሁ፣ ግን በካሬ ሜትር 200 ዋቱን። በ178 ቮልት 120 ዋት ይቀረዋል፣ ቀን ሲበዛበት ደግሞ በወለል ሴንሰር የሚሠራ ቴርሞስታት ስላለ አያልፍም። "ለመኖሪያ ቤት 150 ነው ደንቡ" የሚል ሻጭ ማታ መጥቶ ይርገጠው። ለመኝታ ቤት ግን አልመክርም። አልጋውና ቁም ሣጥኑ ወለሉን ይዘውት የሚቀረው መተላለፊያ ነው፣ በላዩም ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍበታል።

ስትገዙ ኦሙ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀበሉ፣ ኬብሉንም ሴራሚክ ሳይለብስ ፎቶ አንሱት። መረቡ ይቆረጣል፣ ኬብሉ በፍጹም። ከመነጠፉ በፊት፣ በመነጠፍ ላይ እያለና ካለቀ በኋላ ይለካ፤ የኬብሉ ልባስ ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ በ500 ቮልት ሜገርም ይፈተን። ምድር ሽቦውና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው፣ አርሲዲ የሚባለው ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚታለፉ አይደሉም። ማጣበቂያው ሳይደርቅ ማብራት ያሰነጥቀዋል፣ ሁለት ሳምንት ይጠብቅ፤ ሊሾ አዲስ ከተመታ 28 ቀን። ለጥምቀት እንግዳ የሚያሳድሩ ሰዎች ከገና በኋላ ሠራተኛ ፍለጋ መውጣታቸው ለዚህ ነው የማያዋጣው፤ ለጥር 10 ሞቆ እንዲገኝ ሴራሚኩ በታኅሣሥ አጋማሽ ተነጥፎ ማለቅ አለበት፣ ሊሾ ካለበት ደግሞ ሥራው በኅዳር ይጀመር።