ለጣና ዳር ሥራ የሚሆን ባለ ቁልፍ ስልክ፦ ኖኪያ 105፣ አይቴል ወይስ ጎማ የለበሰው?

ስለ ስማርት ስልክ አይደለም የማወራው። ስለ ሥራ ስልክ ነው። ባጃጅ ላይ ከኮረኮንቹ ጋር የሚደንስ፣ ታንኳ ላይ የሚረጥብ፣ ሲሚንቶ በነካ እጅ የሚነሳ ቀፎ። ባሕር ዳር ውስጥ ሞባይል ቤት ገብታችሁ «ጠንካራ ስልክ አለ?» ካላችሁ ምርጫው ያው ሦስት ዓይነት ነው። ኖኪያ 105 እና ዘመዶቿ፣ ባትሪያቸው ትልልቅ የሆነ አይቴልና ቴክኖ፣ ከዚያ ደግሞ ጎማ የለበሱት ጡንቸኞች። ዋጋ አልጽፍም፣ ይህን እስክታነቡ ይቀየራል።

ሻጩ ማውራት ሳይጀምር አንድ ነገር ወስኑ። ስልካችሁን የሚገድለው ምንድን ነው? መብራት ማጣት፣ መውደቅ ወይስ ውኃ? ሦስቱንም በርካሽ የሚችል የለም።

መብራት ከሆነ አይቴልና ቴክኖ ያሸንፋሉ። የ2023ቷ ኖኪያ 105 ባትሪ 1000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ነው፤ እነሱ ግን 2500 የተጻፈባቸው ባለ ቁልፍ ስልኮች አሏቸው። ደቅ ደሴት ሄዶ ለሚሰነብት ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ማታ ማታ ቤቱ ቻርጅ ለሚያደርግ ግን ኖኪያዋ ትበቃለች። በነገራችን ላይ፣ ሁለት ሲም ከታችሁ የአንደኛው ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ ከዋላችሁ፣ ስልኩ ሲግናል ሲያስስ እየዋለ ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ ከዚያ «ባትሪው ፎርጂድ ነው» ተብሎ ሻጩ ይታማል። ያንን ሲም ለጊዜው አጥፉት።

መውደቅ ላይ ከርካሾቹ ኖኪያዋን የሚያህላት የለም። ቀላል ናት። ስትወድቅ ክዳኗ ወዲያ፣ ባትሪዋ ወዲህ ይበተናል። ለቃቅማችሁ ትገጥሟታላችሁ፣ ታበሯታላችሁ፣ ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ። ትልቅ ባትሪ የተሸከመው ከዚያው ከፍታ ሲወድቅ በክብደቱ ልክ ይመታል። ቁልፏ ቢበላ ወይም ክዳኗ ቢሰበር ደግሞ መለዋወጫው ብዙም አያንከራትትም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ውኃው ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ አይፒ ብሎ ሁለት ቁጥር ይከተላል። የመጀመሪያው የአቧራ፣ ሁለተኛው የውኃ ነው። የ2023ቷ ኖኪያ 105 አይፒ52 ናት፤ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ትችላለች፣ መጥለቅ አትችልም። አይፒ67 ማለት 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ማለት ነው። አይፒ68 ከዚያ ይበልጣል፣ ጥልቀቱንና ሰዓቱን አምራቹ ራሱ ይናገራል። ኖኪያ 800 ታፍ እና ካት ቢ26 የዚህ ዓይነት ናቸው። ፈተናው ግን የሚደረገው በአዲስ ስልክና በንጹሕ ውኃ ነው። ያገለገለ ከገዛችሁ ጎማው ደርቆ ወይም ጥገና ቤት ተከፍቶ ከነበረ፣ ያ ቁጥር ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። የቻርጀር ቀዳዳውን የሚሸፍነውን ትንሽዬ ምላስ በጣታችሁ ሳብ አድርጋችሁ እዩት። ከላላ ወይም ከተቀደደ፣ ተዉት።

ጎማ የለበሰ ሁሉ ውኃ ይችላል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ላይ ጥግ ጥጉን የሚታየው ብሎን ጌጥ ነው፣ ምንም አያጠብቅም። የኋላ ክዳኑን ክፈቱት። ዙሪያውን የጎማ ቀለበት ካላያችሁ ውኃው መንገድ አለው። ስሙ የማይታወቅ ስልክ ባትሪው 10000 ነው ከተባላችሁም ባትሪውን አውጡና በእጃችሁ መዝኑት። የድሮው የኖኪያ ቢኤል-5ሲ ባትሪ 1020 ነው። እሱን የሚያክል ባትሪ ላይ 5000 ከተጻፈ የዋሸው ጽሑፉ ነው። ከሦስቱ መካከል ፈጽሞ አትግዙ የምለው ይህን አስመሳይ ነው፣ ምክንያቱም በጥንካሬው ተማምናችሁ ውኃ ዳር ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ፦ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ፣ ለባጃጅ ሹፌርም ለግንበኛም ኖኪያ 105። መብራት ለሚቸግረው አይቴል። ለዓሣ አስጋሪ፣ ለጀልባ ነጂና እምቦጭ ለመንቀል ወገቡ ድረስ ውኃ ለሚገባ ሰው እውነተኛ አይፒ68፣ ከተገኘና ኪስ ከቻለ። ካልቻለ ኖኪያዋን ገዝቶ ፌስታል ውስጥ ጥብቅ አድርጎ መቋጠር ከአስመሳዩ ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሲማችሁን ክተቱ። በአማርኛ የተጻፈ መልእክት አስልኩበት፤ አንዳንዱ ቀፎ ፊደላችንን ካሬ ካሬ አድርጎ ያሳያል። ቴሌብር በ*127# መክፈቱን እዩ። *#06# ስትደውሉ የሚመጣው የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። ጥሪውን ሞተሩ እየጮኸ ካለ ባጃጅ አጠገብ ስሙት፣ የሱቅ ውስጥ ድምፅ አያታልላችሁ።

ውኃ ከገባበት ደግሞ ለማብራት አትቸኩሉ፣ ቻርጅም አትሰኩበት። ባትሪውንና ሲሙን አውጡ፣ ጠራርጉ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይደር። ሩዝ ውስጥ መቅበሩን ተዉት፤ ዱቄቱ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፣ ሩዙም ይባክናል።