ደሴ ላይ ሆቴል በስልክ ለምትይዙ፦ «አብሽሪ» ላላችሁ ሁሉ ብር አትላኩ

ይሄን የምጽፈው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ ፔንሲዮን፣ አንድ አልጋ ላይ ከሁለት ልጆቼ ጋር ተጣብቄ ካደርኩ በኋላ ነው። ንዴቴ አልበረደም፤ የበረደው የሻወሩ ውሃ ብቻ ነው።

የሆቴሉን ስም አልጠራም። ልጁን ግን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ የአልጋ ፎቶ የሚለጥፈው፣ ከፎቶው ስር «ለበለጠ መረጃ» ብሎ ስልክ የሚያስቀምጠው፣ ዋጋ ስትጠይቁት መጀመሪያ «ከውጭ ነሽ?» የሚለው፣ ስማችሁን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ «አብሽሪ እህቴ» የሚለው። አዎ፣ እሱ።

ሁለት ክፍል፣ ሁለት ሌሊት፣ አንዱ 2,500 ብር። ከኮምቦልቻ ኤርፖርት የሚቀበለን መኪና ሌላ 2,500። ድምሩ 12,500 ብር፣ ሁሉም ቅድሚያ። «የኤንጂኦ ስልጠና ስላለ ክፍል እያለቀ ነው፣ ካልከፈልሽ ልይዝልሽ አልችልም» አለኝ። እኔ አሜሪካ ስለሆንኩ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ቴሌብሩን ከፍቶ ደወለልኝ፦ «እታለም፣ የሚያሳየኝ የሆቴሉ ስም አይደለም፣ የሰው ስም ነው። ልላክ?» ፈረቃ ልገባ እየሮጥኩ ነበር። «ዝም ብለህ ላክ፣ ደሴ እኮ ነው» አልኩት።

ደሴ እኮ ነው! የፔንሲዮኑ ቁንጫ እንኳ እንደዚህች ቃሌ አላሳከከኝም።

ስለ ጉዞው ብዙ አልልም፤ የሄደበት ያውቀዋል። ከዋሽንግተን ቦሌ 13 ሰዓት ገደማ፣ ትንሹ ልጄ ግማሹን መንገድ ሲያስመልስ። ቦሌ ፓስፖርት ሰልፍ፣ ሻንጣ ጥበቃ፣ ከዚያ ጉምሩክ። ለእናቴ የያዝኩትን የስኳር መለኪያ ሳይቀር አስከፍተው አዩት። ሻንጣውን እየጎተትን ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል ስንደርስ የ4 ሰዓቱ በረራ ዘግይቷል ተባልን። ስንት ሰዓት እንደሚነሳ የሚነግረን አልነበረም። 9 ሰዓት ላይ ተነሳን። ኮምቦልቻ ስናርፍ ዝናብ።

የሚቀበለን መኪና የለም። ወንድሜን አስደወልኩት፣ አይነሳም። ልጆቼ ሻንጣው ላይ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የኮንትራት ሾፌር አዘኑልንና በ3,000 ብር ጫኑን። እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በሐምሌ የሐረጎን ዳገት ስትወጡት ግን የሚቆጠረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ጥምዝምዙ ነው። ጉሙ ከመኪናው አፍንጫ በላይ አላሳይ ብሎን እየዳበስን ገባን። በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ መምሸት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

አሁን ወደ ነገሩ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ሹራብ የለበሰ ወጣት ቆሟል። ስሜን ነገርኩት። መዝገቡን እየላሰ ገለጠው (ጣቱን ማለቴ ነው፣ ተናድጃለሁ) እና «የለሽም» አለኝ። የቴሌብሩን ደረሰኝ በስልኬ አሳየሁት። ቀና እንኳ ሳይል «ማዘር፣ ይሄ የኛ ቁጥር አይደለም። የኛ እዚያ ተለጥፏል» ብሎ በአገጩ መስታወቱን አመለከተኝ። በስልክ እህቴ ነበርኩ፣ ፊቱ ስቆም ማዘር ሆንኩ።

ሻንጣ ይዘውልን የገቡት ሾፌር ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ቁጥሩን እስቲ በኔ ስልክ ሞክሪው» አሉኝ። መታሁት። ጠራ።

ከኮምፒዩተሩ ኪቦርድ አጠገብ ተደፍቶ የተቀመጠ ስልክ መንዘር ጀመረ። በጠርዙ ብርሃን ወጣ። አጠገቡ የነበረው እስክሪብቶ በንዝረቱ እየተንከባለለ ሄዶ መሬት ወደቀ። ልጁ እስክሪብቶውን አላነሳም። መዳፉን ስልኩ ላይ አሳረፈና፣ ልክ ድመት እንደሚያባብል፣ እስኪያቆም ያዘው። ዓይኑ ግን መዝገቡ ላይ ነው። ዘጋሁና ደግሜ መታሁት። መዳፉ ስር እንደገና ነዘረ። የ8 ዓመቷ ልጄ «ማሚ፣ የሱ ስልክ ነው» አለች፣ ጮክ ብላ።

«የጓደኛዬ ነው። ቻርጅ ሊያደርግ ትቶት ሄዶ ነው» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «አብሽሪ፣ እናጣራለን» አለኝ። ድምጹን ያወቅኩት ያኔ ነው። ያቺው አብሽሪ፣ ያው ማስረዘሚያ፣ ያው ዜማ። የኔና የወንድሜ ጥሪ ሲመጣ ዝም እያለ ኖሯል፤ የሾፌሩን ቁጥር ስለማያውቀው ማጥፋቱን ረስቶታል።

ጮህኩ። ዘበኛው መጣ፣ ለልጁ ሳይሆን ለኔ። ስልጠና የመጡት ሰዎች እራታቸውን እየበሉ አዩን፣ ከዚያ ወደ ምግባቸው ተመለሱ። ሥራ አስኪያጁ «ጠዋት ይገባሉ» ተባለ። ጠዋት ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «እሱ ልጅ የኛ ሠራተኛ አይደለም፣ ትናንት ሰው ተክቶ ነው» አለኝ። ትናንት ብቻ የተካ ልጅ ከሦስት ሳምንት በፊት ክፍል እንዴት እንደሸጠልኝ ስጠይቀው «ለምን በግል ቁጥር ላክሽ?» ብሎ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። በእሱ አልተሳሳተም፤ ያናደደኝም ይሄው ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የዝውውሩን መልእክት አስመዝግቤያለሁ። ብሩ ይመለሳል ብዬ አልጠብቅም።

እናንተ ግን፦ ቴሌብር ፒን ከማስገባታችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል፣ አንብቡት። የሰው ስም ከሆነ አትላኩ፤ የድርጅት ክፍያ ቁጥር ይስጣችሁ። የለኝም ካለ ደርሳችሁ ክፈሉ። ወንድማችሁ «ልላክ?» ብሎ ከጠየቃችሁም አትቆጡት።

ከሰዓት በኋላ ወደ እናቴ ወረኢሉ እንወጣለን፤ የሚወስዱን እኚያው ሾፌር ናቸው። ስመለስ ደሴ አላድርም። ኤርፖርቱ እንደሆነ ያለው ኮምቦልቻ ነው፣ እዚያው ወርጄ አይቼ፣ ገብቼ፣ ቁልፉን ጨብጬ ነው የምከፍለው።