የመሬት አደራ፣ ኅብረት ሥራ ወይስ የድርሻ ግዢ? ለቤት ገዢ የቀረበ ንጽጽር

በገበያ ዋጋ ሙሉ ቤት መግዛት ላቃተው ሰው እነዚህ ሦስት መንገዶች በብዙ አገር አሉ። ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ቤቱን ለቆ ለመውጣት ሲፈለግ ስለሆነ ውሉን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ይበጃል።

በመሬት አደራ ቤቱ የገዢው ነው፤ መሬቱ ግን ለትርፍ ባልቆመ ማኅበር እጅ ይቆያል፣ ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ በ99 ዓመት ሊዝ ይይዘዋል። የመሬቱ ዋጋ ስለማይከፈል ብድሩ ይቀንሳል። ሲሸጥ ዋጋውን የሚወስነው የሊዙ ቀመር ነው። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት የሚገኘው ሻምፕሌይን የቤቶች አደራ ለሻጩ የሚሰጠው ከዋጋ ጭማሪው 25 በመቶውን ነው። የቤቱ ግምት በ60 ሺህ ዶላር ቢያድግ ሻጩ 15 ሺህ ይደርሰዋል፤ ቀሪው 45 ሺህ ለቀጣዩ ገዢ ቅናሽ ሆኖ ያልፋል። በእኛ እምነት ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ቤት ሸጦ ለመክበር ላሰበ ግን አይሆንም። በራስ ወጪ የተጨመረ ክፍል እንዴት እንደሚታሰብ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ። መሬቱ በዕዳ መያዙም ይጣራ። የዚህ አሠራር ፈር ቀዳጅ የሆነው፣ በጥቁር አሜሪካውያን የመብት ታጋዮች እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ የተመሠረተው ኒው ኮሚኒቲስ፣ ድርቅና የብድር ክልከላ ተደራርበውበት በ1985 መሬቱን በዕዳ አጥቷል።

ጉልበት እንጂ ጥሪት ለሌለው ኅብረት ሥራ ይሻላል። በኡራጓይ በመረዳዳት ቤት በሚሠሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት እያንዳንዱ ቤተሰብ ለግንባታው በሳምንት 21 ሰዓት ይሠራል። ቤቶቹ የማኅበሩ ናቸው፤ አባሉ የመኖር መብት አለው፣ ሲወጣም የሚመለስለት ያዋጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ ወታደራዊ መንግሥት ቤቶቹን በግድ ወደ ግል ይዞታ ሊያዛውር ሲነሣ፣ ፉክቫም የተባለው ፌዴሬሽናቸው በአንድ ቀን ፊርማ አሰባስቦ ተቃውሟል። አደጋው ብድሩ የጋራ መሆኑ ነው፦ አንዱ መክፈል ሲያቆም ሸክሙ ወደ ሌሎቹ ይዞራል። ከመመዝገብ በፊት የኦዲት ሪፖርቱን፣ የውዝፍ ዕዳውን ልክና ለጥገና የተያዘውን መጠባበቂያ ገንዘብ ማየት ግድ ነው።

በእንግሊዝ የተለመደው የድርሻ ግዢ ለመግባት ይቀላል፤ ለምሳሌ 25 በመቶ ገዝተው በቀሪው ላይ ኪራይ ይከፍላሉ። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፤ የሕንፃው የጋራ አገልግሎት ክፍያም ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው። ተጨማሪ ድርሻ የሚገዛው በዕለቱ የገበያ ግምት ስለሆነ ዋጋ ሲንር ቀሪው ድርሻ ይርቃል። ይህን መንገድ የምንመክረው ገቢው በቅርቡ እንደሚያድግ እርግጠኛ ለሆነ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ብድሩን፣ ኪራዩንና የአገልግሎት ክፍያውን ደምሮ ከሙሉ ኪራይ ጋር ያስተያይ።