ሃርድ ዲስኩን የገደለው አዲሱ ዊንዶውስ ነው? ለከዚራው ጠጋኝ ምስጋናና ጥቆማ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ውስጥ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ከሚያጠሉባቸው መንገዶች በአንዱ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ አለ። ስሜንና ስልኬን አደባባይ አታውጡብኝ ስላለን ቃሉን እናከብራለን። ሠፈሩ ገብታችሁ "ሃርድ ዲስክ የሚመረምረው ልጅ" ብትሉ ያሳዩዋችኋል። ሙያው የእኛም ስለሆነ ምስጋናችን ከይሉኝታ የመጣ አይደለም፤ ሥራውን አይተን ነው።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ድሬ ውስጥ ያረጀ ላፕቶፕ ሁሉ ዊንዶውስ 11 እየተጫነበት ነው። ሳምንት ሳይሞላው ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ስታክ ያደርጋል፣ ከዚያ ጭራሽ አልነሳም ይላል። ባለቤቱም "አዲሱ ዊንዶውስ ሃርዴን በላው" ብሎ ይመጣል። ብዙ ቦታ መልሱ አንድ ነው፤ ፎርማት አድርጎ 10ን መመለስና ሂሳብ መቀበል። ይሄ ልጅ ግን ዲስኩን ሳይመረምር ዊንዶውስ አይጭንም።

እውነቱን ለመናገር ሰዎች የሚያዩት ነገር ቅዠት አይደለም። ዊንዶውስ ሲጫን ከ20 ጊጋባይት በላይ ይጻፋል። ከተጫነም በኋላ ዝማኔው ይወርዳል፣ ዲፌንደር የተባለው የዊንዶውስ ጸረ-ቫይረስ ፋይሉን ሁሉ ይፈትሻል፣ የፍለጋው ማውጫ ይገነባል፤ ስለዚህ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ሆኖ ይቆያል። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር የቆየ ዲስክ ላይ ለዓመታት ማንም ያልነካቸው ደካማ ቦታዎች አሉ። አሁን ሁሉም ይነበባሉ፣ ይጻፍባቸዋል፣ ጉዳቱም ይወጣል። ጭነቱ የታመመውን አህያ ጣለው እንጂ አላሳመመውም።

አሠራሩን እንንገራችሁ። መጀመሪያ የሚያየው ባዮስን ነው። ባዮስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ፣ ከማንኛውም ዊንዶውስ በፊት የሚነሳ ፕሮግራም ስለሆነ፣ የዲስኩ ስም እዚያ ካልታየ ነገሩ የሶፍትዌር አይደለም። ዴስክቶፕ ከሆነ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን የሳታ ኬብልና መሰኪያውን ቀይሮ ይሞክራል፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ነቅሎ ዲስኩን አውጥቶ እንደገና ይሰካዋል። ዲስኩ ባዮስ ላይ እየታየ የዊንዶውስ መጫኛው ግን "ምንም ዲስክ የለም" ካለስ? በ11ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ባሉ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ይህ የተለመደ ነው። ቪኤምዲ የሚባለው ቅንብር ስለበራ መጫኛው የኢንቴልን የማከማቻ ድራይቨር ይፈልጋል። ድራይቨሩን ፍላሽ ላይ አድርጎ "ሎድ ድራይቨር" የሚለውን መጫን ይበቃል። በዚህች ምክንያት ደህና ዲስክ "ሞቷል" ተብሎ አዲስ የተሸጠለት ሰው ጥቂት አይደለም።

ቀጥሎ ዲስኩን አውጥቶ በአዳፕተር ከራሱ ማሽን ጋር ያገናኝና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም፣ ዲስኩ ስለራሱ ጤና የሚይዘውን ስማርት የተባለ መዝገብ ይከፍታል። እዚህ ላይ አንዲት ጥንቃቄ አለችው። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን የሚያሳየው በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ተራው አቆጣጠር ይቀይረዋል። ያለዚያ 100 መሆን ያለበት 64 ሆኖ ይታያል፣ ሰውም የማይሆን ነገር ያነባል።

ከዚያ አራት መስመር ያነባል። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ናቸው። ሲ5 ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁት ናቸው። ሲ6 ጭራሽ ሊነበቡ ያልቻሉት፤ ሲ7 ደግሞ ዳታው በመንገድ ላይ ሲበላሽ የተቆጠረ ስህተት ነው። ሲ7 ብቻ እያደገ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኬብል ነው። ኬብሉ ከተቀየረ በኋላ ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መጨመሩን ማቆሙ ነው የሚታየው። ሲ5 እየጨመረ ከሆነ ግን በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አይጫንም። ያገለገለ ዲስክ የምትገዙም ይህን ያዙ፦ ሲ5ን ሙሉ ፎርማት ሊያጠፋው ይችላል፣ 05 ግን አይቀንስም። ሻጩ "ንጹህ ነው" ካላችሁ 05ን እዩ።

ሲ5 ቁጥር ካለው ከጥገናው በፊት ቅጂው ይቀድማል። "ቼክዲስክን በአር አስኪደው" (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ መላውን ዲስክ እንዲያነብ አዘው) የሚለው ምክር በየሰው አፍ አለ፤ ሊሞት የተቃረበን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ ማስገደድ ግን ፋይሉ ሳይወጣ ዲስኩን መጨረስ ነው። እሱ የሚጠቀመው ሊነክስ በተባለው ነጻ ሲስተም ላይ የሚሠራውን ዲዲሬስኪው የተባለ መገልበጫ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይገለብጣል፣ የሚያስቸግረውን ይዘላል፣ በኋላ ወደ ዘለለው ይመለሳል። የት እንደደረሰ በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። የእኛን ከተማ መብራት ለሚያውቅ ይህች ብቻ ትበቃለች። ተቀባዩ ዲስክ መጠኑ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ወዲያው ያጠፋዋል። አይከፍተውም፤ "ይሄ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ይፈልጋል፣ የእኔ አቅም አይደለም" ብሎ ይመልሳል። አቦ ይመቸው! አልችልም ማለት የሚችል ባለሙያ ስንት አለ?

ታዲያ ሶፍትዌር ምንጊዜም ነጻ ነው ወይ? አይደለም፣ እሱም እንዲህ ብሎ አይከራከርም። እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ኡቡንቱ የተባለው የሊነክስ ዓይነት በተጫነባቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ኃይል ለመቆጠብ የዲስኩ ራስ (ዳታውን የሚያነበውና የሚጽፈው ክፍል) በየጥቂት ሰከንዱ ወደ ማረፊያው ይመላለስ ነበር። ጥፋቱ የኡቡንቱ ነው ወይስ የዲስኩ የፋብሪካ ቅንብር ተብሎ ብዙ ተከራክረውበታል፤ ሂሳቡ ግን ቀላል ነው። በደቂቃ 4 ጊዜ ከሆነ በ8 ሰዓት ሥራ 1,920 ይሆናል፤ ለ300,000 ምልልስ የተሠራ ዲስክ በአምስት ወር ግድም ልኩን ይጨርሳል። ይህም ሲ1 በሚለው መስመር ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የዊንዶውስ 10 አንድ እትም ዲስኩን መቼ እንዳደራጀ እየረሳ ሥራውን ከሚገባው በላይ ይደጋግም ነበር፣ በዚያው ዓመት ታረመ። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ላይ የዊንዶውስ 11 ዝማኔ ኤስኤስዲ (የሚዞር ክፍል የሌለውን አዲሱን ዓይነት ዲስክ) ይገድላል ተብሎ ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ ማይክሮሶፍት ግንኙነት አላገኘሁም አለ፤ የኤስኤስዲ መቆጣጠሪያ የሚሠራው ፋይሰንም ከ4,500 ሰዓት በላይ ፈትሾ ችግሩን መድገም አልቻለም።

ድሬ ላይ ከዊንዶውስ ይልቅ የምንፈራው ሌላ ነው። ብዙዎቹ ዲስኮች የተፈቀደላቸው ጣሪያ 60 ዲግሪ ነው። በሰኔ ሙቀት ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ ፍራሽ ላይ የሚሠራ ላፕቶፕ ወደዚያ እየተጠጋ ነው፤ ከ50 በታች ማቆየት ይሻላል። የመብራቱ ነገር ይብሳል። እየተጻፈ ሳለ ሲቋረጥ የፋይል ሥርዓቱ ይበላሻል፣ የዲስኩም ራስ በድንገት ይሸሻል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በዚህ በኩል ከዴስክቶፕ አይለይም። ዴስክቶፕ ያላችሁ ትንሽም ቢሆን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ።

ዲስኩ የሚቀየር ከሆነ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይገጥማል። ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ስለሆነ 9.5 በነበረው ቦታ ላይ እንዳይንቀጠቀጥ ማስደገፊያ ያደርግለታል። ከድሬው ታይዋን ገበያ በርካሽ የገዛችሁት "2 ቴራ" ካለ ከመግጠሙ በፊት ኤችቱቴስትደብሊው በተባለው መፈተሻ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሐሰተኛው መጠኑን የሚዋሸው ስሙ ላይ ነው፣ ሲሞላ ይጋለጣል። ፈተናው ረጅም ስለሆነ ማሳደር አለባችሁ፤ "አሁኑኑ ስጠኝ" ብላችሁ አታጣድፉት።

የምትሄዱት ጠዋት ይሁን፤ ከ6 ሰዓት በኋላ በሙቀቱ ይዘጋል፣ አመሻሽ ላይ ነው የሚመለሰው። ቻርጀሩን ያዙ፣ ቤት ደግማችሁ ደጋግማችሁ አታስነሱት። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ከተጫነ ዲስኩ ሳታውቁት በቢትሎከር ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሄዳችሁ በፊት በስልካችሁ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ገልብጡ። እሱ ከሌለ ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም ፋይሉን ልጁም ሆነ ሌላ ሰው ሊያወጣላችሁ አይችልም።