በሐይቅ ዳርቻ የሚከራዩ ጀልባዎች፦ ጀልባው ደህና ነው፣ ማስረዳቱ ግን ይጎድላል

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሐይቅ ዳርቻ በሰዓት የሚከራዩት ባለ መቅዘፊያ ጀልባዎች ጥሩ ናቸው። ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ቶሎ አያዘነብሉም፤ መቅዘፊያው የሚያርፍበት ብረትም አልላላም። ያም ሆኖ ከመነሳትዎ በፊት ወለሉን ይዩ። ጣት የሚያስነክር ውኃ ካቆረ ሌላ ይጠይቁ፤ መጨለፊያ ጣሳም ይኑርበት። ሲገቡ ተራ በተራ፣ ጎንበስ ብለው፣ መሐሉን እየረገጡ ነው።

ላይፍ ጃኬቱ ላይ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ፦ ሁሉም የአዋቂ ልክ ነው። ዘለበቶቹን ከቆለፉ በኋላ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፍቷል፤ ውኃ ውስጥ ጃኬቱ ብቻውን ይንሳፈፋል። ለሕፃን በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ያስፈልጋል። እሱ እስኪመጣ ድረስ ትንንሽ ልጆችን ይዞ መውጣት ልክ አይደለም።

ዋናው ጉድለት ግን አከራዮቹ ምንም ሳያስረዱ ገፋ አድርገው መልቀቃቸው ነው። ቀዛፊ የሚሄድበትን አያይም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ በየአምስት ስድስት ቅዝፊያው አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ትከሻ ዞር ብሎ ማየት ግድ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ታንኳ ካለ ሁለቱም ወደየቀኛቸው ይላሉ። እዚህ ላይ ጀማሪ ይሳሳታል፦ የጀልባው ቀኝ በቀዛፊው ግራ እጅ በኩል ነው። ጀልባውን ወደ ቀኝ ለማዞር በቀኝ እጅ የያዙትን መቅዘፊያ አጥብቀው ይሳቡ። ቀድሞ የሚያልፍ ደግሞ ራሱ ራቅ ብሎ ይለፍ እንጂ የፊተኛውን መንገድ አያስለቅቅ።

የአሣ አስጋሪዎቹ ነገር ከሁሉም ያሳስባል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በመስመር ተንሳፍፈው ካዩ ከሥራቸው መረብ አለ። በላዩ አይለፉ፤ ጫፉን ፈልገው ይዙሩ። መቅዘፊያው ከተያዘ አይጎትቱ፤ ቆም ብለው በመጣበት አቅጣጫ ቀስ አድርገው ያላቁት። ከተቀደደም ለባለቤቱ ሄደው ይንገሩ፤ ያ መረብ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ከሩቅ ጮክ ብለው «እንደምን ዋላችሁ!» ማለት ሰላምታም ማስጠንቀቂያም ይሆናል።

የሞተር ጀልባ ማዕበል ሲመጣ የራስዎን ጀልባ አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ያዙሩ፤ በጎን ከመታ ውኃ ያስገባል። ነፋስ ካለ መጀመሪያ ነፋሱን ተቃውመው ይውጡ፣ ሲደክሙ ወደ ዳር ይገፋዎታል። ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር ስለሚበልጥ ጀልባው ቢገለበጥ ወደ ዳር ልዋኝ አይበሉ። ጀልባውን ይዘው ፊሽካ ይንፉ። ፊሽካ ደግሞ አይሰጥም፤ ይዘው ይምጡ።

በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ሲያልፉ ሙዚቃውን ያጥፉ፤ ድምፅ በውኃ ላይ ሩቅ ይሄዳል።