ቤልጅግ ከስምንት ወር በኋላ፦ በርሜሉ መስታወት፣ ጥፋቱ ከኋላ

ከስምንት ወር በፊት ቤልጅግ፣ ማለትም ቤልጅየም የተሠራ ማውዘር ጠመንጃ ገዛሁ። ደጉን ቶሎ ልጨርሰው። ሚዛኑ እጅ ላይ ይቀመጣል፣ የተኳሹ እጅ ካልተንቀጠቀጠ አይስትም። ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ስለ አንድ ቀለሃ ነው።

ቀለሃው ከመቀመጫው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀጭን ቀለበት አውጥቷል። የቀጭን ሽቦ ጫፍ አሹሉና ትንሽ አጥፉት፤ ወደ ቀለሃው ውስጥ ሰዳችሁ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ዳብሱት። ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ሽቦው ቦይ ውስጥ ይገባል። ነሐሱ ከውስጥ ሳስቷል ማለት ነው። የባሰበት ጊዜ ቀለሃው ለሁለት ይበጠሳል፤ ግማሹ መኝታው (ጥይቱ የሚተኛበት የበርሜሉ ኋላ) ውስጥ ተወትፎ ይቀራል፣ የጋለው ጋዝ ወደ ኋላ ይመጣል። በዚህ ላይ ማውዘር ተመስገን ነው፦ መቀርቀሪያው ላይ የጋዝ ማምለጫ ቀዳዳዎች አሉት። ቢሆንም የዓይን መነጽር የማያደርግ ሰው ቀዳዳዎቹን አምኖ ፊቱን አያስጠጋ።

«በርሜሉን እየው እስቲ፣ መስታወት ነው!» አለ ሻጩ። አዎ፣ መስታወት ነው። ማን ካደ? ግን ስለ በርሜሉ ማን ጠየቀህ?

የቤልጅግ ጥይት፣ 7.92 በ57፣ ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ የለውም። ወደ ፊት እንዳያልፍ የሚያቆመው ትከሻው (ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) ነው፤ ከኋላ የሚደግፈው የመቀርቀሪያው ፊት። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ከልኩ ሲረዝም ትርፍ ክፍተት ይፈጠራል። (ለበን የሚባለው ጠመንጃ ጥይቱ ጠርዝ ስላለው ልኩ የሚወሰደው ከጠርዙ ነው፤ ባለ ለበኖች ይህን ለራሳችሁ አትገልብጡ።) መምቻው ጥይቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ባሩዱ ሲነድ ግፊቱ እስከ 3,900 ባር ሊደርስ ይችላል፤ ስሱ የፊት ግድግዳ ተነፍቶ መኝታው ላይ ይጣበቃል። ድፍኑን ቂጥ ግን የሚይዘው የለም፣ ክፍተቱ እስኪሞላ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፊቱ ተይዞ ኋላው ሲሄድ ነሐሱ ከመሃል እንደ ሊጥ ይሳባል። ቀለበቱ ከዚህ ነው የመጣው።

ፋብሪካውን አልወቅስም። ኤርስታል ያሉት ቤልጅጎች መቀርቀሪያውን ከቤቱ (ከሚገባበት የብረት አካል) ጋር አዋደው ነው የላኩት። ከ1928ቱ ወረራ በፊት ገብቶ እስከ ዛሬ በስንት እጅ ያለፈ መሣሪያ ነው፤ ሃያ ጠመንጃ ተፈታትቶ መቀርቀሪያው ሁሉ አንድ ባልዲ ናፍጣ ውስጥ ሲታጠብ የማን የማን እንደሆነ ማን ይለያል? የእኔው መቀርቀሪያ ቁጥሩ ከቤቱ ቁጥር ጋር አይገጥምም። ይህን ሲጠየቅ ሻጭ ምን ይላል? «ጌታዬ፣ ቤልጅግ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው።» የአንድ እናት ልጆችም ጫማ አይዋዋሱም። በእርግጥ ቁጥሩ የገጠመ ሁሉ ጤነኛ፣ ያልገጠመ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ የሚፈርደው መለኪያው ብቻ ነው።

መለኪያው አንዱ ካንዱ በጥቂቱ የሚረዝም ሦስት የብረት ጥይት ነው፦ «ጎ»፣ «ኖ-ጎ» እና «ፊልድ»። በጎ እና በኖ-ጎ መካከል ያለው ልዩነት የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ ቶርኖ ቤት በግምት የተቀረጸ አይረባም። መጀመሪያ መኝታውን አጽዱ፤ አንዲት የአሮጌ ዘይት ቅርፊት ውጤቱን ታበላሻለች። ከመቀርቀሪያው መምቻውን ከነስፕሪንጉ፣ ቀለሃ ሳቢውንም አውጡ። ጎ ገብቶ እጀታው በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት። ኖ-ጎ ላይ መቆም አለበት። ፊልድ ላይ ከተዘጋ ጠመንጃው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አይተኮስም። እጀታውን በሁለት ጣት ብቻ ያዙ፤ መቀርቀሪያው ሲዞር ትልቅ ጉልበት ስላለው በግድ ከዘጋችሁት መለኪያውን ራሱን ትጨፈልቃላችሁ። የእኔው ፊልዱንም ዋጠው።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ጥያቄ፦ የረዘመው በምን ምክንያት ነው? መቀርቀሪያው ስለተቀየረ ከሆነ ይድናል። ሁለቱ የፊት ጆሮዎች (መቀርቀሪያውን የሚቆልፉት ጉብታዎች) የሚደገፉበት የቤቱ ብረት ተጨፍልቆ ወደ ኋላ ከሸሸ ግን አይድንም። ምልክቱ፦ ከተኮሱ በኋላ እጀታው ሲነሳ ይነክሳል፣ ጆሮዎቹ የሚያርፉበት ቦታ በጥፍር የሚታወቅ ደረጃ ያወጣል። ሦስተኛው የኋላ ጆሮ ደግሞ መጠባበቂያ ስለሆነ ምንም መንካት የለበትም፤ የመደገፍ ምልክት ካለው ቤቱ አልቋል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ቤቱ ጤነኛ ከሆነ ሌሎች መቀርቀሪያዎችን በመለኪያው መሞከር ነው። ጆሮዎቹን በሻማ ጥላሸት ቀብታችሁ ዝጉና ክፈቱ፤ ጥላሸቱ ከሁለቱም ጆሮ እኩል መልቀቅ አለበት። ካንዱ ብቻ ከለቀቀ ሸክሙን አንድ ጆሮ ነው የሚሸከመው። መቀርቀሪያ ካልተገኘ በርሜሉ ይፈታል። ጥርሱ በኢንች 12 ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር ወደ ኋላ 2.1 ሚሊሜትር ይመልሰዋል፣ ማነጣጠሪያውም ተመልሶ አናት ላይ ይቆማል። የበርሜሉ ኋላና የሚያርፍበት ትከሻ እኩል ይላጣሉ፣ መኝታው በሪመር (መኝታ መቅረጫ መሣሪያ) በእጅ እየተቀዳ መቀርቀሪያው ጎ ላይ ሲዘጋ ይቆማል። በርሜሉ ደረጃ ደረጃ ስለሆነ እንጨቱም አብሮ ይቦረቦራል። ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ባሕር ዳር የቶርኖ ሰው አላጣችም፤ ይህ ግን ፈቃድና ሪመር ያለው ጠጋኝ ሥራ ነው።

«ጥይቱ ቂጥ ላይ ፕላስተር ለጥፍበት»፣ «ጆሮውን በብየዳ አሳድገው» የሚሉም አሉ። ፕላስተሩ ይጨፈለቃል፤ ብየዳው ብረቱ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ ያጠፋውና ጆሮው ይለሰልሳል ወይም ይሰነጠቃል። ይህን የሚመክር ሰው ራሱ ይተኩስበት።

ስለ ዝገት አንድ ቃል፦ የድሮ ጥይት ማቀጣጠያ ጨው ይተዋል፣ ጣና ዳር በክረምት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ዘይት ጨውን አያነሳም፤ በፈላ ውኃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ዘይት።

ተጸጽቻለሁ ወይ? በዋጋው፣ አዎ፤ በጠመንጃው ግን አይደለም። አራተኛው የተሞከረው መቀርቀሪያ ጎ ላይ በራሱ ወደቀ፣ ኖ-ጎ ላይ ግማሽ መንገድ ቆመ፤ አዲሶቹ ቀለሃዎች ቀለበት የላቸውም። አሮጌው መቀርቀሪያ ለሻጩ ተመለሰለት። «ለሌላ ቤልጅግ ይሆናል» ብሎ መደርደሪያው ላይ አኖረው።