ድርቅ ቻይ የተባሉትን ችግኞች ሞከርኳቸው

ከአንድ ችግኝ ሻጭ "ውሃ አይፈልጉም" ተብዬ ገርቢና ወይራ ገዛሁ። ገርቢው በጣም ነው የገረመኝ፣ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ጥልቅ ያለውን እርጥበት ስለሚያገኝ ሌላው ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ነው፣ ደግሞ የሚገርመው ነገር እንደሌላው ዛፍ አይደለም፣ በዝናብ ወራት ቅጠሉን ያራግፍና በበጋ ያለመልማል፣ ስለዚህ ከሥሩ የተዘራው ሰብል ፀሐይ አያጣም፣ ከብቱም በሙቀቱ ጥላ ያገኛል። ናይትሮጅንም አፈሩ ላይ ይጨምራል፣ ማዳበሪያ በነፃ በሉት።

ወይራው ግን ትዕግስት ይፈልጋል ባካችሁ፣ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ድንጋያማ ቦታ ላይ መቻሉን ግን አልክድም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛ "ውሃ አይፈልጉም" ውሸት ነው፣ ሥራቸው እስኪጠልቅ የመጀመሪያውን በጋ ካላጠጣችኋቸው ይሞታሉ። ሁለተኛ ፕላስቲኩ ውስጥ ብዙ ስለቆዩ የአንዳንዶቹ ሥር ተጠቅልሎ ነበር፣ ሳትቆርጡት እንዳትተክሉ። ጨዋማ የባሕር ዳርቻ ረግረግ ላይ ያላችሁ ደግሞ እነዚህን ተዉአቸው፣ ለእናንተ የሚሆነው ማንግሮቭ የሚባለው ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለውሸቱ ነው።